ሚዛኑን የያዘው ማነው? ስለ ድካም በሽታ ጥናትና ስለ አጥኚዎቹ ጥቅም



እህል ሻጭ ራሱ ቁናውን ይዞ ሲሰፍር የሚያይ ገዢ፣ ሻጩን በሌብነት ባይጠረጥረው እንኳ፣ ዓይኑን ከቁናው አፍ አይነቅልም። ሻጩ በአገሩ የታወቀ ደግ ሰው ቢሆንም ገዢው ማየቱን አይተውም፤ የሰው እጅ ባለቤቱ ሳያውቀው ወደ ራሱ እንደሚያዘነብል ሁለቱም ያውቃሉና። ለእህል ስፍር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ግን፣ ሊቃውንት በቍጥርና በሠንጠረዥ አስደግፈው ስለ ሕመማችን የሚጽፉትን ነገር የሰው እጅ እንዳልነካው አድርገን እንቀበላለን። የሰፈረው ማነው? ቁናውንስ የመረጠው ማነው? ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንተርክላችሁ ሥር የሰደደ የድካም በሽታ ስለሚባለው ሕመምና፣ ይህን ሕመም ያጠኑ ሰዎች የነበራቸው ጥቅምና ዝንባሌ በጥናቱ ላይ ስላደረሰው ነገር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን የሰማ ሰው ሁሉ «ድካምማ የማን ቤት የለም!» ሳይል አይቀርም፤ ስሙ ራሱ ለበሽተኞቹ እንደ ትልቅ ጠላት ሆኖባቸዋል። ይሁን እንጂ ይህ ድካም ሲያርስ የዋለ ወይም ሲጽፍ ያደረ ሰው የሚሰማው፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚያስወግደው ድካም አይደለም። ብዙውን ጊዜ እንደ ጉንፋን ያለ ሕመም ሰውየውን ይጥለዋል፤ ትኩሳቱ ሲሄድ ግን ጤናው አይመለስም። ስድስት ወር ያልፋል፣ ዓመት ያልፋል፣ ዐሥር ዓመትም ያልፋል። በሽተኛው ተኝቶ ሲነሣ ዓይኑን ያልከደነ ይመስለዋል፤ የጀመረው ንግግር መጨረሻው ይጠፋበታል፤ ብድግ ሲል ራሱ ይዞራል። ከሁሉ የሚከፋውና ይህን ሕመም ከሌላው የሚለየው ምልክት ደግሞ ይህ ነው፤ በሽተኛው ከዐቅሙ ጥቂት አልፎ የሠራ እንደ ሆነ፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ሕመሙ ተባብሶበት ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይወድቃል። ገላን መታጠብ ወይም እንግዳ ተቀብሎ መጫወት እንኳ ለዚህ ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ሊቃውንት ጉባኤ ባወጣው መግለጫ፣ በዚያ አገር ብቻ ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተገምቷል።

ይህን በሽታ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ግን በሐኪሞች እጅ የለም። የታሪካችን ነገር ሁሉ የተያያዘው በዚህ ላይ ነው። የወባን ተሐዋሲ በማጉያ መነጽር አይቶ አለ ወይም የለም ማለት ይቻላል፤ ሐኪሙ ቢወድም ቢጠላም ተሐዋሲው አይለወጥም። እዚህ ግን መለኪያው የበሽተኛው ቃል ነው። ጥያቄውን የሚያወጣው፣ መልሱን የሚመዘግበውና «ይህን ያህል የመለሰ ድኗል» ብሎ ወሰኑን የሚያሰምረው ደግሞ አጥኚው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ታሪኩን ከሎንዶን እንጀምራለን። በጁላይ 13 ቀን 1955 ዓ.ም. ሮያል ፍሪ በሚባለው ሆስፒታል አንድ ሐኪምና አንዲት የነርሶች አለቃ ባልታወቀ ሕመም ተይዘው ተኙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የበሽተኛው ቍጥር ከሰባ ስላለፈ ሆስፒታሉ በጁላይ 25 ቀን ተዘግቶ እስከ ኦክቶበር 5 ቀን ድረስ ሳይከፈት ቆየ። በጠቅላላው 292 የሆስፒታሉ ሠራተኞች ታመሙ፤ ከእነዚህም ውስጥ 255ቱ አልጋ ይዘው መታከም አስፈለጋቸው። የሚያስገርመው ግን ቀድሞውኑ በሆስፒታሉ ተኝተው ይታከሙ ከነበሩት ሕሙማን መካከል የተያዙት ዐሥራ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። የታመሙት ሰዎች ጉሮሯቸው ይቈስል፣ ንፍፊታቸው ያብጥ፣ ጡንቻቸው ይዝል ነበር፤ በአንዳንዶቹም ላይ የዓይንና የፊት ጡንቻ ሽባነት ታይቷል። የሆስፒታሉ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሜልቪን ራምሴ እነዚህን በሽተኞች በእጃቸው ዳሰው፣ በዓይናቸው አይተው መዝግበዋል። በ1956 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ለሕመሙ የጡንቻ ሕመምንና የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን መቈጣት የሚያመለክት ስም አወጣለት፤ ሰው ስላልገደለም «የዋህ» የሚል ቅጽል ጨመረለት። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከአልጋው ላልተነሣ ሰው ይህን ቅጽል ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስቈጣ አንባቢ ይፍረድ። ቅጽሉ ኋላ ቀርቷል።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ማኬቬዲና ቢርድ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። የሮያል ፍሪው በሽታ ተሐዋሲ ያመጣው ሳይሆን፣ ፍርሃት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የፈጠረው የብዙኃን የመንፈስ ሁከት ነው አሉ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ከታመሙት ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸው ነበር። በዚያ ዘመን ነርሶች የሚባሉት ሴቶች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረጃ እንዴት እንደሚመዝነው መናገር አያስፈልግም። ከዚህም በቀር ጸሓፊዎቹ የድሮውን መዝገብ አገላብጠው ፈረዱ እንጂ ከበሽተኞቹ አንዱንም አልመረመሩም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ከጸሓፊዎቹ አንዱ ከአራት ዓመት በፊት በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ውስጥ ልጃገረዶች በፍርሃት ምክንያት አየር እየሳቡ በብዛት የወደቁበትን ነገር ያጠና ስለ ነበር፣ በሮያል ፍሪ መዝገብ ውስጥም ያንኑ አገኘ። ራምሴ ስለ ንፍፊቱና ስለ ፊት ሽባነቱ እየጠቀሱ ቢከራከሩም፣ የሁለቱ ሰዎች አስተያየት በሐኪሞች ዘንድ ለረዥም ዘመን ሥር ሰዶ ቆየ።

ማኬቬዲና ቢርድ ይህን በመጻፋቸው ገንዘብ አገኙ የሚል ሰው የለም። የዚህ ዐይነቱ አድልዎ ከገንዘብ የሚመጣ አይደለም፤ አስቀድሞ በልብ ከተያዘ ሐሳብ የሚመጣ ነው። መዶሻ የያዘ እጅ ሁሉን ምስማር እንደሚያይ ዐይነት ሳይሆን፣ እረኛ የጠፋችበትን በግ ሲፈልግ ነጭ ድንጋይ ሁሉ በግ እንደሚመስለው ማለት ነው።

ባሕር ማዶም ነገሩ ከዚህ አልተለየም። በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት፣ በታሆ ሐይቅ ዳር ባለችው በኢንክላይን ቪሌጅ ከተማ፣ ፖል ቼኒና ዳንኤል ፒተርሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ብዙ ሰዎች ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ መነሣት ሲያቅታቸው አይተው የመንግሥቱን የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ጠሩ። የማዕከሉ ሰዎች መጥተው አይተው ሄዱ፤ በ1988 ዓ.ም. «ሥር የሰደደ የድካም በሽታ» የሚለውን ስም አወጡለት። የሸንጎው እንደራሴዎች ለዚህ ሕመም ጥናት ገንዘብ ይመድቡ ጀመር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን የማዕከሉ ባልደረባ የሆኑት ዶክተር ዊልያም ሪቭስ ገንዘቡ ለተባለው ነገር እንደማይውል አጋለጡ። በ1999 ዓ.ም. የሒሳብ መርማሪው ሲያጣራ፣ ከ1995 እስከ 1998 ዓ.ም. ለዚህ ሕመም ወጣ ከተባለው 22.7 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ በእርግጥ ለሕመሙ የዋለው 9.8 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ተገኘ። 8.8 ሚሊዮኑ ለሌላ ሥራ ውሏል፤ የ4.1 ሚሊዮኑ መድረሻ ከመዝገቡ ሊታወቅ አልቻለም። ማንም በኪሱ አልከተተውም፤ አለቆቹ ይበልጥ ይጠቅማል ብለው ወዳመኑበት በሽታ አዞሩት። የድካሙን ሕመም ከልባቸው እንደ ሕመም ቢቈጥሩት ኖሮ ይህን ያደርጉ ነበርን?

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንመለስ።

በእንግሊዝ አገር በ2005 ዓ.ም. በሽተኞችን መቀበል የጀመረውና «ፔስ» የሚል አጭር ስም የተሰጠው ጥናት፣ በዚህ ሕመም ሕክምና ላይ እስከዚያን ጊዜ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ታላቅ የሚባል ነበር። 5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጥቶበታል፤ 641 በሽተኞች ተካፍለውበታል። የመሩት ፕሮፌሰር ፒተር ኋይት፣ ፕሮፌሰር ማይክል ሻርፕና ፕሮፌሰር ትሩዲ ቻልደር ናቸው፤ ሦስቱም በየዩኒቨርሲቲያቸው የተከበሩ፣ በዚህም ሕመም ላይ ለብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሕክምናው የቆመበት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፤ ሕመሙ ሲጀምር በትኩሳት ይጀምር ይሆናል፣ ጸንቶ የሚኖረው ግን በሽተኛው እንቅስቃሴን በመፍራቱና ሰውነቱ ከሥራ ርቆ በመላላቱ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቱን በንግግር ሕክምና ማስለቀቅ፣ ሰውነቱንም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በእንቅስቃሴ ማጠንከር ይገባል። በሽተኞቹ በአራት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የንግግሩን ሕክምና፣ ሁለተኛው እየጨመረ የሚሄደውን እንቅስቃሴ፣ ሦስተኛው ከዐቅም ሳያልፉ የመኖርን ዘዴ ሲያገኝ፣ አራተኛው ሁሉም የሚያገኙትን የሐኪም ክትትል ብቻ አገኘ።

ከዚህ ላይ የጥቅሙን ነገር እናንሣ። በአሜሪካ በብዙ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ውሎች ውስጥ፣ ሠራተኛው ከሥራ የወጣበት ሕመም የአእምሮ ሕመም ከተባለ ክፍያው በ24 ወር ይቆማል፤ የሥጋ ሕመም ከተባለ ግን እስከ ጡረታ ዘመኑ ሊዘልቅ ይችላል። እንግዲህ አንድ ሕመም የሥጋ ነው ወይስ የመንፈስ የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ የሐሳብ ክርክር ሲሆን ለኩባንያው የሒሳብ ክርክር ነው። የፔስ ውጤት በ2011 ዓ.ም. በላንሴት ሲታተም፣ ከመሪዎቹ ሁለቱ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች በክፍያ ምክር ሰጥተው እንደሚያውቁ፣ ሻርፕና ቻልደርም ከመጻሕፍት ሽያጭ ድርሻ እንደሚያገኙ ራሳቸው ጽፈዋል። ለጥናቱ ገንዘብ ከሰጡት መካከልም መሥራት ላልቻሉ ሰዎች ድጎማ የሚከፍለው የእንግሊዝ መንግሥት የሥራና የጡረታ መሥሪያ ቤት አንዱ ነበር።

ሐቁን ለመናገር ይህን ለመጽሔቱ አንባቢዎች አልደበቁም፤ ሕግም አልከለከላቸውም። ኩባንያዎቹ በጥናቱ ውስጥ እጃቸውን እንዳላገቡም ገልጠዋል፤ አስገብተዋል የሚል ማስረጃም አልቀረበም። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ባወጣውና በ2000 ዓ.ም. ባሻሻለው መግለጫ፣ ለጥናት ፈቃዱን የሚሰጥ ሰው ሁሉ አጥኚው ሊኖረው ስለሚችለው የጥቅም ግጭት አስቀድሞ እንዲነገረው ታዝዟል። እነዚያ 641 በሽተኞች ግን የፈቃዱን ወረቀት ሲፈርሙ ስለ ኢንሹራንሱ የምክር ሥራ አልተነገራቸውም። ከበሽተኞቹ መካከል ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ክርክር የነበረው ሰው ቢኖር፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይህን ማወቅ አይገባውም ነበርን?

ጥቅም መኖሩ ብቻውን ግን ጥናትን አያበላሽም። መታየት ያለበት በስፍሩ ላይ የደረሰው ነገር ነው፤ ይህም በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው።

አጥኚዎቹ መለኪያቸውን በ2007 ዓ.ም. አስቀድመው አትመው ነበር። የሰውነትን ዐቅም የሚለኩት ከዜሮ እስከ 100 በሚሰጥ ነጥብ ነው፤ 100 ያገኘ ሰው መሮጥም ደረጃ መውጣትም ይችላል ማለት ነው። ወደ ጥናቱ ለመግባት በሽተኛው 65 ወይም ከዚያ በታች ማግኘት ነበረበት፤ ይህን ያህል ያገኘ ሰው በጽኑ የታመመ ነው ተባለ። ድኗል ለመባል ደግሞ 85 እንዲደርስ ተወስኖ ነበር። ኋላ ግን 85 መሆኑ ቀርቶ 60 ሆነ። እስቲ ቈም ብላችሁ አስቡት። አንድ ሰው 65 ነጥብ ይዞ በሽተኛ ነህ ተብሎ ይገባል፤ ሕክምናውን ሲጨርስ ወደ 60 ይወርዳል፤ በዚህ መለኪያ ዐቅሙ እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ ተብሎ ይጻፍለታል። በድካሙ ነጥብም ይህን የመሰለ ለውጥ ተደርጓል። በእርግጥም ከበሽተኞቹ ከመቶ 13ቱ ገና ሕክምናው ሳይጀመር ከሁለቱ መለኪያዎች ቢያንስ በአንዱ የጤነኛ ወሰን ውስጥ ነበሩ። 60 የሚለው ቍጥር የመጣው ሽማግሌዎችንና ሕሙማንን ጭምር ከያዘ የሕዝብ አማካይ ነው። አጥኚዎቹ ለውጡ የተደረገው የጥናቱን ውጤት ከማየታችን በፊት ነው ይላሉ። ይሁንና በዚህ ጥናት ማን ምን ሕክምና እንደሚያገኝ ሐኪሙም በሽተኛውም ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለመገመት መዝገብ መክፈት አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ሌላ ይጨመራል። የሚያንቀሳቅሰውን ሕክምና ያገኙት ሰዎች በተሰጣቸው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሕክምና ከታወቁት ሁሉ እጅግ ከሚረዱት አንዱ መሆኑ ተነግሯቸዋል። ጥናቱ ገና ሳያልቅ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ለተሳታፊዎቹ በተላከ ጋዜጣ ላይ ሕክምናውን ያመሰገኑ በሽተኞች ቃል ታትሟል፤ የንግግሩንና የእንቅስቃሴውን ሕክምና የመንግሥት መመሪያ እንደሚደግፋቸውም ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «አሁንስ እንዴት ነህ?» ተብለው የተጠየቁት። የአገራችን ሰው ሐኪሙ ሲደክምለት አይቶ «ተሽሎኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንደሚል እናውቃለን፤ እንግሊዛዊም ቢሆን ሰው ነው።

የበሽተኛው አንደበት የማይለውጠው መለኪያስ ምን አለ? በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመዱ ተለክቷል። በእንቅስቃሴ የታከሙት ከ312 ሜትር ወደ 379 ሜትር ከፍ አሉ፤ በንግግር የታከሙት ከ333 ወደ 354፤ ምንም ልዩ ሕክምና ያላገኙትም ከ326 ወደ 348። ጤነኛ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ እንደሚሄድ ሲታሰብ፣ የተሻለው ወገን እንኳ ገና በሕመም ላይ ነበር ማለት ነው። ወደ ሥራ በመመለስም ሆነ ድጎማ በመተው ከአራቱ ወገኖች ማንም ከሌላው አልበለጠም። የእንቅስቃሴን መጠን በሚቈጥር በቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር መሣሪያ በመጀመሪያ ተለክተው ሳለ፣ በመጨረሻው ላይ ግን ልኬቱ እንዲቀር ተደርጓል፤ የተሰጠውም ምክንያት ለበሽተኞቹ ሸክም ይሆናል የሚል ነበር።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ በ2011 ዓ.ም. በንግግርና በእንቅስቃሴ ከታከሙት ከመቶ ስድሳ ያህሉ እንደ ተሻላቸው፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 22ቱ ፈጽመው እንደ ዳኑ ታተመ። ጋዜጦች አራገቡት፤ ሐኪሞችም ለበሽተኞቻቸው «ተነሥና ተንቀሳቀስ» ይሉ ጀመር። በየአገሩ ያሉ በሽተኞች ምክሩን ሰምተው ተንቀሳቀሱና ከእነርሱ ብዙዎቹ ይባስ ብለው ወደቁ፤ በእግራቸው የገቡ በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩ አሉ። የተናገሩትም ነገር የሕመማቸው አንድ ምልክት ተደርጎ ተቈጠረባቸው፤ እንቅስቃሴን መፍራት በሽታው ነው ከተባለ፣ እንቅስቃሴ ጎዳኝ የሚል ሰው ያንኑ ማረጋገጡ ነዋ! በዚህ ክብ ውስጥ የገባ በሽተኛ መውጫ በር የለውም።

በሩን የከፈተው ሊቅ አልነበረም። በምዕራብ አውስትራሊያ የሚኖር ራሱ በዚህ ሕመም የተያዘ አንድ ሰው በማርች ወር 2014 ዓ.ም.፣ የበሽተኞቹ ስም ሳይኖርበት የጥናቱ ቍጥር እንዲሰጠው በእንግሊዝ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ጠየቀ። ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ከለከለ። በኦክቶበር 2015 ዓ.ም. የመረጃ ኮሚሽነሩ ስጥ ቢለው ይግባኝ አለ፤ ለጠበቃም ከ200,000 ፓውንድ በላይ አወጣ። በዚያው ወር ዴቪድ ተለር የተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰውና ጋዜጠኛ የጥናቱን ጉድለት በረዥም ጽሑፍ ስለዘረዘረው ብዙ ሊቃውንት ነገሩን ማየት ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው ከተናገራቸው ምክንያቶች አንዱ የበሽተኞች ተሟጋቾች አደገኞች ናቸው የሚል ነበር። በእርግጥ አንዳንድ ሰዎች ለአጥኚዎቹ የስድብና የዛቻ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ይህም ነውር ነው፤ የራሳቸውንም ጉዳይ ጎድቷል። የይግባኝ ሸንጎው ግን በኦገስት 2016 ዓ.ም. በሁለት ድምፅ ለአንድ ሲፈርድ፣ ስለ ተሟጋቾቹ አደገኛነት የተባለው እጅግ የተጋነነ መሆኑን ተናገረ።

ቍጥሩ ወጣ። አጥኚዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያው መለኪያ ሲያሰሉት፣ የተሻላቸው ከመቶ ስድሳ ያህሉ መሆናቸው ቀርቶ በእንቅስቃሴው ከመቶ 21፣ በንግግሩ ከመቶ 20 ሆኑ፤ የሐኪም ክትትል ብቻ ካገኙትም ከመቶ ዐሥሩ ተሽሏቸዋል። ሌሎች ሰዎች መዳንን በጥንቱ ወሰን ሲያሰሉ ደግሞ ከመቶ 22 የተባለው በንግግር ለታከሙት 7፣ በእንቅስቃሴ ለታከሙት 4 ሆነ፤ ምንም ልዩ ሕክምና ካላገኙት 3 በእርግጥ ተለይቷል ለማለት የማያስችል ቍጥር ነው።

እንግዲህ አድልዎ የኢንሹራንስና የአእምሮ ሐኪሞች ነገር ብቻ ነው የሚል አንባቢ እንዳይኖር፣ ከወዲያኛውም ወገን አንድ ታሪክ እንጨምር። ሴት ልጃቸው በዚህ ሕመም የተያዘችባቸው ባልና ሚስት በኔቫዳ ግዛት በሬኖ ከተማ አንድ የጥናት ተቋም አቋቋሙ። በኦክቶበር 2009 ዓ.ም. የተቋሙ አጥኚ ጁዲ ሚኮቪትስና ባልደረቦቿ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ፣ ከ101 በሽተኞች ከመቶ 67ቱ፣ ከ218 ጤነኞች ግን ከመቶ 3.7ቱ ብቻ ኤክስ ኤም አር ቪ የተባለ ቫይረስ በደማቸው ተገኘ ብለው ጻፉ። የበሽተኞቹ ደስታ ወሰን አልነበረውም፤ በስንፍናና በፍርሃት ሲታሙ የኖሩ ሰዎች ናቸውና። ሌሎች ገና ሳያረጋግጡት ከተቋሙ ጋር ግንኙነት ያለው አንድ የንግድ ላቦራቶሪ ምርመራውን በብዙ መቶ ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ አንዳንዶችም ለኤች አይ ቪ የሚሰጠውን መድኃኒት መዋጥ ጀመሩ። በኋላ ሲጣራ ቫይረሱ ከሰው አልመጣም። በ1990ዎቹ ዓመታት የሰው ዕጢ በአይጥ ላይ ሲራባ በላቦራቶሪ ውስጥ የተፈጠረ፣ ናሙናዎቹንም የበከለ ነገር ነበር። መጽሔቱ በዲሴምበር 2011 ዓ.ም. ጽሑፉን ሻረው። በ2012 ዓ.ም. ማን በሽተኛ ማን ጤነኛ እንደ ሆነ በማያሳይ ምልክት የተለየ የ147 በሽተኞችና የ146 ጤነኞች ደም ሲመረመር፣ ሚኮቪትስ ራሷ ያለችበት ቡድን እንኳ ቫይረሱን አላገኘም። እነዚህ ሰዎች በሽተኛውን የሚወዱ ነበሩ፤ መውደዳቸው ግን ሚዛኑን ቀና አላደረገላቸውም።

የኖርዌዮቹን ነገር በተለይ እንድትመለከቱት እንወዳለን። በበርገን ከተማ የሃውከላንድ ሆስፒታል የካንሰር ሐኪሞች የሆኑት ኦይስታይን ፍሉገና ኡላቭ ሜላ፣ ለካንሰር የሚሰጥ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲሰጡ ይህ የድካም ሕመምም የነበረበት ሰው እንደ ተሻለው አዩና ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ለመሞከር ተነሡ። በ2011 ዓ.ም. በ30 ሰዎች ላይ ሞክረው መድኃኒቱን ካገኙት 15 ዐሥሩ፣ ካላገኙት 15 ሁለቱ ብቻ ተሻላቸው። ጥቅም ከተባለ ጥቅም ነበራቸው፤ ሆስፒታሉ የባለቤትነት መብት ማመልከቻ አስገብቶ የእነርሱ ስም በፈጣሪነት ተጽፎ ነበር፤ ይህንንም ገልጠዋል። ክብርም ተስፋም በደጅ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ቀጥለው በ151 በሽተኞች ላይ ሲሞክሩ ግን፣ መድኃኒቱ ለማን ውሃው ለማን እንደ ተሰጠ እነርሱም በሽተኞቹም እንዳያውቁ አደረጉ፤ መለኪያውንም አልቀየሩም። ምስጢሩ ሲከፈት መድኃኒቱን ካገኙት ከመቶ 26ቱ፣ ውሃውን ካገኙት ከመቶ 35ቱ ተሽሏቸው ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች በ2017 ዓ.ም. መድኃኒታችን አልሠራም ብለው ለሕዝብ ነገሩ፤ በ2019 ዓ.ም. አሳተሙት። ውሃ ካገኙት ሰዎች ሲሦው እንደ ተሻላቸው መናገራቸውን ላፍታ ልብ በሉት፤ ማን ምን እንዳገኘ ሁሉም በሚያውቅበት ጥናት ይህ ሲሦ ለመድኃኒቱ ይቈጠርለት ነበር።

በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም በ2007 ዓ.ም. የንግግሩንና የእንቅስቃሴውን ሕክምና ደግፎ ነበር። በሽተኞች ጭምር የተቀመጡበት አዲስ ጉባኤ ጥናቶቹን ሁሉ መልሶ ሲመዝን፣ ለሁለቱ ሕክምናዎች የቀረበውን ማስረጃ ዝቅተኛ ወይም እጅግ ዝቅተኛ ብሎ ፈረጀው። መመሪያው በኦገስት 2021 ዓ.ም. ሊወጣ ሲል ታላላቅ የሐኪሞች ማኅበራት ስለ ተቃወሙ ታገደ፤ ከብዙ ንግግር በኋላ በኦክቶበር 29 ቀን ወጣ። በቋሚ መጠን እየጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ ለእነዚህ በሽተኞች እንዳይሰጥ አዘዘ፤ የንግግሩንም ሕክምና ሕመምን ችሎ ለመኖር የሚረዳ እንጂ የሚያድን አይደለም አለው። የተቃወሙት ሐኪሞች ማስረጃው በአግባቡ አልተመዘነም በማለት ክርክራቸውን ቀጥለዋል። ላንሴት በ2011 ዓ.ም. ያተመውን የፔስ ጽሑፍ እንዲያስመረምር ከመቶ በላይ ሊቃውንትና ተሟጋቾች በግልጽ ደብዳቤ ቢጠይቁትም አልሻረውም፤ ጽሑፉ በመጽሔቱ መዝገብ ውስጥ እንደ ታተመ ይገኛል።